መርዶ ሳልሰማ የዋልኩባት ደሴት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሣራ ከሥራ ስትወጣ ኢገን ከተማ ያለው አፓርታማዬ ብቅ አለች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ማሚ፣ ቅዳሜ ቢዚ እንዳትሆኚ። ሰርፕራይዝ አለኝ። ብሉሚንግተን ሞሉ ውስጥ ያለው አኳሪየም እወስድሻለሁ» አለችኝ።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«ኖባዲ ዳይድ፣ ማሚ! ዓሣ ልናይ ነው እኮ!»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ወጥ የማማስልበት እጄ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ይኼ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ነግሬያት አላውቅም። ለልጅ የሚነገር ነገር መስሎ አልታየኝም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። እዚሁ አቅራቢያ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ ከጓደኛዬ ከጽጌ ጋር አንድ አፓርታማ ተጋርተን እንኖር ነበር፤ ሥራችንም አንድ ነው፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ክፍል እናጸዳለን። እኔ የአሰብ ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ገና ከስድስተኛ ክፍል ነው የተውኩት። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ፣ እንግሊዝኛውንም ጭምር፣ የሆቴል እንግዶች ጥለውት ከሚሄዱት ጋዜጣና መጽሐፍ ላይ ለቅሜ ነው ያገኘሁት።

እናቴ አሰብ ብቻዋን ነበረች። እኔ ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ጉዳይዋን አስጀምሬላት፣ ስንት ጊዜ ተጓትቶ፣ በዚያ ዓመት ቪዛዋ ወጣ። መስከረም ላይ ልትመጣ ነው። አልጋዋን ገዝቼ አንጥፌ ጨርሻለሁ። ጽጌ መኝታ ቤቷን ለቃላት ዕቃዋን ወደ ሳሎን አውጥታለች፤ «እኔ ሶፋው ይበቃኛል፣ ለእማማ በር ያለው ክፍል ነው የሚገባት» ብላ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ጽጌ ቀሰቀሰችኝ። «ተነሺ! አንድ ደሴት ላይ ያለ አኳሪየምና ዙ ልናይ ነው። በረከት ታክሲውን ይዞ እየመጣ ነው፣ ራሕማም አብራው ናት።»

«ቸርችስ?» አልኳት። ጽጌ ከቸርች የምትቀር ሰው አልነበረችም።

«እግዚአብሔር ለአንድ እሑድ አይቆጣኝም፤ ልበሺ።»

እንግዲህ አሁን እንደማውቀው ልናገር። በዚያ ጠዋት እናቴ ሞታ ከተቀበረች ሰንብታለች። ሦስቱም ከአሰብ ተደውሎላቸው ያውቃሉ። እኔ ብቻ አላውቅም። መቼም በእኛ ዘንድ ሞት እንዲሁ በስልክ ዱብ አይደረግም። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቤቱ ተሰናድቶ፣ ሰውየው እህል ቀምሶ፣ ከዚያ ነው መርዶ የሚነገረው። አገር ቤት ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ነበር የሚነገረው፤ እዚህ ግን መርዶም ሺፍት ይጠብቃል። የቀኑ ሠራተኛ ወጥቶ የማታው ሳይገባ የምትገኝ አንዲት ሰዓት አለች፣ እሷን ነበር የቆረጡት። እስከዚያ ወንበር የሚያስገባው ወንበር እንዲያስገባ፣ ወጥ የሚሠራው ወጥ እንዲሠራ፣ እኔ ከቤት ርቄ መዋል ነበረብኝ። ለዚህ ነው ደሴት የተገኘልኝ።

ወደ ሰሜን ነዳን። ጓደኛችን በረከት መኪና ውስጥ ካሴት ከፍቶ አብሮ ካልዘፈነ መሪ የማይጨብጥ ሰው ነበር፤ ያን ቀን «ቴፑ ተበላሽቷል» አለ። የሃይዌዩ ግማሽ በብርቱካናማ ኮን ታጥሮ እየተቆፈረ ነው፣ ቀስ እያልን ሄድን። የበቆሎው ማሳ አለቀና ጥዱ ጀመረ፤ በመስኮት የሚገባው ነፋስም ቀዘቀዘ። የፊቱን ወንበር ለእኔ ነው የሰጡኝ። ሌላ ጊዜ በረከት አጠገብ ለመቀመጥ ከራሕማ ጋር እንጋፋ ነበር።

«ምነው ዛሬ? እንደ ሬሳ ሸኚ ዝም አላችሁ እኮ!» አልኩ።

መኪናው ትንሽ ከመስመሩ ወጣ አለ። በረከት መሪውን አቃናና «እንቅልፍ ነው፣ ለተዬ፤ ሌሊት ስሠራ አድሬ» አለኝ።

ደሴቲቱ አንድ ትልቅ ሐይቅ ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ቦታ ናት፤ በጠባብ ድልድይ ነው የሚገባው። አሁን ተዘግታለች ይላሉ። አኳሪየሙ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነበር፣ ውስጡ ጨለም ያለ፣ እርጥብ ድንጋይ የሚሸት። መጀመሪያ የሐይቁን ዓሦች አየን፤ እንደ ግንድ የከበዱ ግራጫ ዓሦች፣ ከመስተዋቱ ሥር ተጋድመው አፋቸውን ብቻ ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ጥግ ላይ ደግሞ የጨው ውኃ የተሞላ ገንዳ አገኘሁ። የተጻፈውን ሳነብ የቀይ ባሕር ዓሦች ናቸው ይላል።

«ራሕማ! ነይ እዪ፣ የአገርሽ ልጆች እዚህ ናቸው!»

ራሕማም የአሰብ ልጅ ናት። ጎረቤታሞች ነበርን፣ ከእናቴ እጅ በልታ ነው ያደገችው። መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እማማን እዚህ አመጣታለሁ» አልኩ። «ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? ‹እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ዓሣ የሚያዩት የሚጠብሱበት ዘይት አጥተው ነው?› ነው የምትለው።»

ራሕማ ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፣ አፏን በሻሿ ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። እኔ ወደ ጽጌ ዞሬ፣ «አርግዛለች እንዴ?» አልኳት በሹክሹክታ።

ጽጌ ትንሽ አሰበችና «ሳይሆን አይቀርም» አለች።

እኔ ሞኟ ራሕማ ስትመለስ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ «እንኳን ደስ ያለሽ! እማማ መጥታ ታርስሻለች!» አልኳት። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «አሚን» አለች፤ ሌላ ምን ትበል?

ከጀርባ ባለው ዙ ውስጥ አንድ ተኩላ፣ ወዲያና ወዲህ ብቻ የምትመላለስ ድብ፣ እና ግመል ነበሩ። ግመሉ ጠጉሩ ተቦጭቆ እንደ አሮጌ ምንጣፍ ተንጠልጥሎበታል። በአፋርኛ ጠራሁት፤ እናቴ ከአፋሮች ወተት ስትገዛ የለመድኳት ቃል ናት። ግመሉ ዞር ብሎ ያየኝ መሰለኝ። በረከት ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ አንድ ሳምንት ያሾፍብኝ ነበር። ያን ቀን ግን «ገባው፣ ሙች ገባው» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

ሐይቁ ዳር ካለ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ምሳ ዘረጉ። ሳምቡሳ፣ ጥብስ፣ የተቆረጠ ሐብሐብ። ሦስቱም አይበሉም፣ እኔን ነው የሚያበሉኝ። አንዷ አጉርሳኝ ሳልውጥ ሌላዋ ትቀጥላለች።

«በቃኝ፣ ሆዴ ሊፈነዳ ነው!»

«ይቺን ብቻ፣ በሞቴ» ትላለች ጽጌ። ራሕማም ከወዲያ በኩል «የእኔንስ? እጄን ልትመልሺው ነው?»

«እናንተ፣ ልታርዱኝ ነው እንዴ የምታደልቡኝ?» አልኩ።

እኔ ሁልጊዜ ለእናቴ የምደውለው እሑድ፣ እኛ ዘንድ ምሳ ሰዓት ሲሆን ነው፤ አሰብ ያን ጊዜ መሽቷል። በሩ አጠገብ የሕዝብ ስልክ አይቻለሁ። ካርዴን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«ያ ስልክ አይሠራም፣ ቅድም ሞክሬዋለሁ» አለ በረከት። አንዲት ሴትዮ ስልኩ ላይ ቆማ እየሳቀች ታወራ ነበር።

«ያቻት ታወራለች እኮ!»

«ካርድሽ አልቋል» አለች ጽጌ፣ እጄንም ያዘችኝ።

«ትናንት ነው የገዛሁት፤ ምን ሆነሻል ጽጌ?»

ያኔ ራሕማ ቀና ሳትል «ተዪያት። ትደውል» አለች።

ደወልኩ። እናቴ ቤት ስልክ የለም፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ዘንድ ነው የምደውለው። እሳቸው ሌላ ጊዜ «ሃሎ!» ብለው ጆሮዬን ያደነቁሩኝና ወዲያው ልጅ ይልካሉ፤ የእናቴ የሸበጥ ድምፅ ከግቢው እየቀረበ ሲመጣ ይሰማኛል። ያን ቀን «ሃሎ»ም አላሉኝ፣ ስሜን ነው የጠሩት።

«ለተዬ? አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እትዬ፣ እንዴት ነዎት? እማማን ይጥሩልኝ።»

«ከማን ጋር ነሽ፣ ልጄ?»

«ከነራሕማ ጋር። ሽርሽር መጥተን ነው።»

«ጎሽ። ከአጠገብሽ አይለዩ። እናትሽ… ዛሬ ሙቀቱ አደከማት። ተኝታለች።»

ነሐሴ አሰብ ውስጥ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ሰው አልጋውን ጣሪያ ላይ አውጥቶ ነው የሚተኛው። አዘንኩላት።

«አይቀስቅሷት እንግዲህ፣ ትረፍ።»

«እሺ ልጄ» አሉኝ። «አንቀሰቅሳትም።»

ተመልሼ መጣሁና «ደህና ናት፣ ተኝታለች» አልኳቸው። ጽጌ ጠረጴዛውን ትታ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። በረከት ድንጋይ እያነሳ ወደ ሐይቁ ይወረውር ጀመር። እኔ በጥጋቤ ላይ ልቤ አርፎልኝ፣ ስንመለስ መንገዱን በሙሉ ተኛሁ።

የነቃሁት መኪናው ሲቆም ነው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መንገዳችን ግራና ቀኙ በመኪና ተሞልቷል፤ የቸርቻችን ቫን አለ፣ ራሕማ የምትሰግድበት መስጊድ በር ላይ የማያቸው አባት መኪናም አለ። ሁለት ወንዶች የሚታጠፍ ወንበር ወደ ሕንጻችን ይዘው ይገባሉ። መጀመሪያ «የማን ሠርግ ነው?» ነው ያልኩት። ከዚያ ዞር አልኩ። ራሕማ ነጠላዋን ከወንበሩ ሥር አውጥታ እንደ ለቀስተኛ አደግድጋለች።

ማንም አልነገረኝም። መናገር አላስፈለገም።

«አሁን ደውዬላት ነበር እኮ» አልኩ። «ተኝታለች ተብያለሁ እኮ፣ በረከት!»

በረከት መሪው ላይ ተደፋ።

የቀረውን ብዙ አላስታውሰውም። ለቀስተኛው ስለበዛ ሰዎች ለእናቴ ባነጠፍኩት አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጽጌ ታስነሣቸው ነበር፣ እኔ ተይ አልኳት። ለማን የሚቀመጥ አልጋ ነው?

ወራት አልፈው ለእትዬ ዘሃራ ደወልኩ። ለምን ዋሹኝ ብዬ አለቀስኩባቸው። እሳቸውም አለቀሱና፣ «ለተዬ፣ ሆድሽ ባዶ ይሁን፣ ሙሉ ይሁን፣ እኔ ከዚህ ሆኜ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

አንዳንዶች ጓደኞችሽ አንድ የደስታ ቀን ጨመሩልሽ ይሉኛል። ብዙ አገላብጬዋለሁ። ያን ቀን እናቴ በሕይወት የነበረችው እኔ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ቀብሯታል። እኔ ከማትኖር ሴት ጋር ለመስከረም ስሰናዳ ዋልኩ። ደስታዬን ሳስታውሰው የሚታየኝ የእኔ ሳቅ ሳይሆን የእነሱ ፊት ነው። እነሱን ግን አልወቅስም። ሳያለቅሱ ያን ያህል ሰዓት እንዴት እንደዋሉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቅዳሜ ከሣራ ጋር ሄድኩ። ሞሉ ውስጥ ያለው አኳሪየም የመስተዋት ዋሻ ነው፣ ሻርኩ በጭንቅላታችን ላይ ያልፋል። ልጄ አቅፋኝ ፎቶ አነሣችን። «ማሚ፣ ስማይል!» ስትለኝ ፈገግ አልኩላት።

ራሕማ አፈር ለብሳለች፤ መሞቷን ያነበብኩት ፌስቡክ ላይ ነው፣ አውቶቡስ ስጠብቅ። በረከት ሌላ ስቴት ገባና ድምፁ ጠፋ። ጽጌ ነርሲንግ ሆም፣ መጦሪያ ቤት ናት፣ ስጠይቃት በእህቷ ስም ትጠራኛለች። ሣራ ጓደኛ አላጣችም፣ ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ግን እንዲህ ያለውን የመርዶ ሥራ ማንም አላስተማራቸውም። እኔም አላስተማርኩም፤ ልጀምር ብል አሁን በየትኛው ቋንቋ እንደማስረዳቸው አላውቅም።

የእኔ ቀን ሲደርስ አንዲት የማታውቃት ነርስ ትደውልላታለች። ሣራ ሥራ ላይ ትሆናለች፣ ወይም መኪና ትነዳ ይሆናል። ነርሷ ስሟን አጣርታ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግራት፣ «አይ አም ሶሪ» ብላ ስልኩን ትዘጋለች። አጠገቧ ማን እንዳለ፣ ጠዋት ቁርስ ትብላ አትብላ የሚጠይቅ አይኖርም።