አሜን ያልኩበት የጌም ዜማ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዛሬም ባጃጅ ውስጥ ስገባ ትዝ ይለኛል። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ልጅ ያላቸው ሰዎች ያንብቡት ብዬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ነው። እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ገበያ ቡላና ቂቤ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ ምሕረት ትባላለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ስላልመጣላት ቤት ናት። ቤተ ክርስቲያን በመዘምራን ታገለግላለች።

ከአጥራችን ቀጥሎ የትዕግስት እናት አለች። ትዕግስት ከልጄ ጋር አብራ ያደገች ናት። በስልክ የተዋወቀችው ሰው «ዓረብ አገር ሥራ አለ» ብሏት፣ አንድ ቀን «ጓደኛዬ ጋ ደርሼ ልምጣ» ብላ እንደወጣች ቀረች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ አልተሰማም። እናትየዋ ስልኳን ከእጇ አታወርድም። በቀኟ ስትበላ በግራዋ ትይዘዋለች። እሷን ባየሁ ቁጥር ነገ የእኔስ ልጅ እላለሁ።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሳይነጋ ተነስቼ እጸልያለሁ። ምሕረት ስልኬ ላይ ግጥም የሌላቸው፣ በኪቦርድ ብቻ የተሠሩ መዝሙሮች ጭናልኛለች፤ ለጸሎት ይመቻሉ። ከእነሱ መካከል አንዷን ከሁሉም አብልጬ እወዳት ነበር። ቀስ ብላ ነው የምትጀምረው፣ ውኃ ጠብ ጠብ እንደሚል። እሷን ከፍቼ ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ ይቺን አንዲት ልጄን ማንም እንዳይወስድብኝ» እላለሁ። አንድ ቀን ለምሕረት «ይቺ ዜማ እኮ ከሰማይ የወረደች ናት» አልኳት። ስልኬን ልትቀበለኝ የዘረጋችውን እጅ መልሳ ወጣች።

ያቺን ቅዳሜ ከመዘምራኑ አንዷ፣ ሰላም የምትባል ልጅ፣ ቂቤ ልትገዛ መጣች። እያሸተተች ቆይታ «የምሕረት እናት፣ ምሕረት አመማት እንዴ?» አለችኝ።

«ምን ሆና?»

«ልምምድ ቀርታብናለች። ዛሬም አልመጣችም።»

ምሕረት በጠዋት «ልምምድ አለብኝ» ብላኝ ነው የወጣችው፣ ፀጉሯን ተሠርታ። ቂቤ በነካው እጄ የሰላምን እጅ ለቀም አደረግሁ። «የምታውቂውን ሳትነግሪኝ ከዚህ አትሄጂም» አልኳት።

ልጅቷ ፈራች። «ፒያሳ ጌም ቤት ከወንዶች ጋር ስትገባ አይቻታለሁ። በስልክ የተዋወቀቻቸው መሰለኝ» አለች።

በስልክ ስትል ትዕግስት ታየችኝ። ዕቃዬን ጎኔ ላለችው ሻጭ አደራ ብዬ፣ ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ባጃጅ አስቆምኩ።

«ፒያሳ፣ ጌም ቤት!»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «ማዘር፣ ሊጫወቱ ነው?»

«ልጄን ላወጣ ነው። ንዳ!»

ከዚያ በኋላ አልቀለደም። መንገድ ላይ እጅ ያሳየውን ሁሉ እያለፈ፣ እኔን ብቻ ይዞ በረረ።

ጌም ቤቱ የፊት ክፍሉ በጩኸት ተሞልቷል፤ ልጆች በቴሌቪዥን ኳስ ይጫወታሉ። «ምሕረት የምትባል ልጅ የት አለች?» አልኩ። አንዱ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ በአገጩ የኋላውን በር አመለከተኝ። ገፋሁት።

ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ መጋረጃው ተዘግቷል። ወጣቶች ወለል ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፊት ለፊታቸው ጺሙን ያሳደገ ሰው ቆሟል፣ እሱም ጨፍኗል። ከድምፅ ማጉያው ሆድ የሚያባባ ዜማ ይወጣል። ልጄ መሃላቸው አንገቷን ደፍታለች። ዜማው ሲያልቅ ሰውየው «እጅ!» አለ። ሁሉም እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

እኔ የመሰለኝ ሐሰተኛ ነቢይ ነው። «ነቢይ ነኝ» እያለ ወጣት ሰብስቦ ቤት የሚያፈርስ ሰው ወሬ ስንቱን ሰምተናል! ደላላ ስፈራ ይኼ መጣብኝ አልኩ።

«በኢየሱስ ስም! ልጄን ልቀቅ!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ዓይናቸውን ገለጡ። ምሕረት «እማ!» ብላ ዘላ ተነሳች። ባለጺሙ ከድንጋጤው የተነሳ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ጠልፎ ሊወድቅ ነበር። ማቲ የሚሉት አንድ ቀጫጫ ልጅ «ሮቤል፣ ዛሬ ጋኔንህ ሊወጣልህ ነው» አለው።

«ዝም በል አንተ! ማዘር፣ እባክዎ ይቀመጡ» አለኝ ባለጺሙ። ሮቤል እሱ ነው፤ የጌም ቤቱ ባለቤት። ነገሩን ቀስ ብሎ አስረዳኝ። በጌም ውስጥ ከኋላ የሚሰማ ሙዚቃ አለ። ብዙ ሰው ልብ አይለውም እንጂ ባለሙያ ተጨንቆ የሚደርሰው ነው። እነሱ ያንን የሚወዱ ልጆች ናቸው፤ በስልክ ግሩፕ ነው የተገናኙት። ቅዳሜ ቅዳሜ እያንዳንዱ የሚወደውን አንድ ዜማ ያመጣል፤ ስሙን ሳይናገር ያሰማል። ሌሎቹ ጨፍነው ይሰማሉ፤ ሲያልቅ በጣታቸው ከአስር ማርክ ይሰጣሉ። ከስድስት በታች የሰጠ ምክንያቱን መናገር አለበት።

«ይኼው ነው?» አልኩት።

«ይኼው ነው፣ ማዘር።»

አላመንኩትም። «እንግዲያው እኔም እሰማለሁ» ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«እማ፣ በቃ ወደ ቤት እንሂድ» አለች ምሕረት።

«ዝም በይ። አንዴ መጥቻለሁ፣ አያለሁ።»

ማቲ ያመጣውን ከፈተ። ከበሮ የበዛበት፣ ልብ የሚያስሮጥ ነው። «እጅ!» ሲባል ሁለት ጣት አነሳሁ።

«ምክንያት!» አለ ማቲ ፈጠን ብሎ።

«ሰው ያሳድዳል። እኔ ለዛሬ የሮጥኩት ይበቃኛል» አልኩት።

ሳቁ። ማቲ «ማዘር፣ የሚያሳድደው እኮ ዘንዶ ነው» አለኝ።

«ይባስ ብሎ!» አልኩት። እኔም ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ከዚያ የምሕረት ተራ ደረሰ። ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ «እኔ ዛሬ አላመጣሁም» አለች።

«ሳምንቱን ሙሉ ግሩፑ ላይ ስትፎክሪ ከርመሽ? ‹አስር ካልሰጣችሁኝ› ስትይ?» አለ ማቲ።

ልጄ እኔን አየችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። የደበቀችኝ ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ። «ክፈቺው» አልኳት።

ከፈተችው። ውኃ ጠብ ጠብ እንደሚል፣ ቀስ ብላ ጀመረች።

የእኔ ዜማ ናት። ዓይኔ ሳላዘው ተጨፈነ። የት እንዳለሁ ጠፋኝ፤ ቤቴ፣ ጨለማው ውስጥ የተንበረከክሁ መሰለኝ። ስታልቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሜን!» አልኩ።

ማንም አልሳቀም፤ ማቲ እንኳ። ዓይኔን ስገልጥ ምሕረት ታለቅሳለች።

«እማ፣ የጌም ዜማ ናት፤ መዝሙሮቹን ስጭንልሽ በስህተት አብራ ገባች። ላጠፋት ስል ‹ከሰማይ የወረደች ናት› አልሽኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልንገርሽ?»

እኛ ቤት መዝሙር ያልሆነ ሁሉ ዘፈን ነው፤ ዘፈን ደግሞ ደጃፋችንን አያልፍም። ስንቱን ጠዋት በእሷ እንደጸለይኩ ሳስብ ብርድ ብርድ አለኝ። ወደ ሮቤል ዞርኩ። «ይኼ ሲሰማ እዚያ ጌም ውስጥ ማን ነው የሚገደለው?» አልኩት።

«ማንም አይገደልም፣ ማዘር። ተጫዋቹ ሁሉን አጥቶ፣ ቆስሎ የሚደርስባት ሐይቅ ዳር አለች። እዚያ ጠላት አይገባም። የሚያርፍባት ቦታ ናት።»

«እጅ!» ሲባል እጄን አላነሳሁም። የልጄን እጅ ይዤ ወጣሁ።

መንገድ ላይ «ለምን ዋሸሽኝ?» አልኳት። «ጌም ካልኩሽ ትከለክዪኛለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እከለክላት ነበር።

በማግስቱ ስልኬን ሳልከፍት ጸለይኩ። አፌ ደረቀብኝ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ያ ሁሉ ልመናዬ የት ደረሰ የሚለው ፍርሃት እህል አላስበላኝ አለ። ፓስተሩን ልጠይቅ ወጥቼ ከመንገድ ተመለስኩ። ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ዜማው የማንም ይሁን፣ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ የለመንኩትም ጌታን ነው። ልጄም ይኸው አልተወሰደችብኝም። አሁን የቀረው የእኔ ድርሻ ነው።

በር ልቆልፍባት አሰብኩ። ግን የትዕግስት እናትም በር ትቆልፍባት ነበር፤ ልጅቷ ዋሽታ ከመውጣት አልቀረችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከምሕረት ቀድሜ ጌም ቤት ደረስኩ። ሮቤል ሲያየኝ ድምፅ ማጉያውን እቅፍ አደረገው።

«አትፍራ» አልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ የምትሰበሰቡት እኔ ቤት ነው። ምሕረት መጀመሪያ ልምምዷን ትጨርሳለች። መጋረጃ አይዘጋም። ደግሞ ሁላችሁም የእናቶቻችሁን ስልክ ትሰጡኛላችሁ፤ እደውላለሁ።»

«የእኔን እናት ካገኙማ አትለቅዎትም። ወሬ ከጀመረች አታቆምም» አለ ማቲ።

«እኔም አልለቃትም» አልኩት።

ለሁሉም ደወልኩ። አንዳንዷ እናት ልጇ ቅዳሜን የት እንደሚውል የሰማችው ከእኔ ነው።

መጡ። ሳሎኔ ጠበበ፣ ግን ተጠጋግተው ተቀመጡ። የቡላ ገንፎ ሠራሁላቸው፤ ማቲ ለገንፎው አስሩንም ጣቱን አነሳ። «እንዲያ አይደለም፣ ጨፍነህ መጀመሪያ» አልኩት።

እንዲህ እያልን ከርመን፣ አንድ ቅዳሜ የትዕግስት እናት ድምፃችንን ሰምታ ገባች። «ግቢ» ስላት በሩ ሥር ተቀመጠች፣ ስልኳን በግራ እጇ እንደያዘች። ምሕረት ደንቡን ነገረቻት። ያን ቀን ምሕረት ያቺን ዜማ ልትደግማት ፈልጋ ወደ እኔ አየች። ራሴን ነቀነቅሁላት። ሁላችንም ጨፈንን።

ስታልቅ ሮቤል «እጅ!» አለ። ያን ዕለት የነፈግኋትን ሰጠሁ፤ አስሩንም ጣቴን አነሳሁ። ዞር ስል የትዕግስት እናት አምስት ጣት ብቻ አንስታለች። ጉንጯ በእንባ ርሷል።

«አምስት? ምክንያት!» አለ ማቲ እንደ ልማዱ።

«ሌላው እጄ ስልክ ይዟል፣ ልጄ» አለችው።

ማቲ አንገቱን ደፋ። ምሕረት ተነስታ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እስኪበተኑ ድረስም አልተነሳችም።

ፍርሃቱ ዛሬም አልለቀቀኝም፤ የሚለቀኝም አይመስለኝም። ግን ቅዳሜ ሲመጣ በሬን ወለል አድርጌ እከፍታለሁ። ጠዋት ጠዋትም ያቺን ዜማ ከፍቼ እንበረከካለሁ። ድሮ የአንዲት ልጅ ስም ነበር የምጠራው። አሁን የሁለት ልጆች ስም እጠራለሁ።