ቱሪድ የመረጠችው ማሸጊያ

ቱሪድ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ በወጣች በሳምንቱ አሮጌ ጀልባ ገዛች። ባሕሩን ዕድሜ ልኳን ከመንገድ ዳር ማየት ሰልችቷት ነበርና ማንንም አላማከረችም። ጀልባዋ ደህና ነበረች። አንድ አመል ብቻ ነበራት፤ ከፊተኛው አልጋ በላይ ያለው የጣሪያ ክዳን፣ መካከሉ ላይ እንደ እንጉዳይ ከበቀለው የአየር ማስገቢያ ሥር ያፈሳል።

ባለፈው በጋ ታናሽ እህቷ ጉድሩን ልትጠይቃት መጥታ እዚያ አልጋ ላይ ተኛች። ዝናብ ጣለና ጠብታው ግንባሯን ሲመታት አደረ። ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ ሻንጣዋን አንስታ፣ ይህ ሳይደፈን እንዳትጠሪኝ ብላ ሄደች። ቱሪድም ተቀየመች። ክረምቱን ሙሉ ሳይደዋወሉ ከረሙ።

በግንቦት ቱሪድ ማስገቢያውን ፈታችው። የቀድሞው ባለቤት በየዓመቱ የሲሊኮን ማሸጊያ በማሸጊያ ላይ ሲደርብበት ኖሮ፣ ድሪቶ መስሏል። ሁለት ቀን ሙሉ ፍቃ አጸዳችው። አጠገቧ ጀልባውን የሚያስረው አርንፊን የሚባል ጡረተኛ የሞተር ሠራተኛ፣ ከበላይዋ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ ከኪሱ አንድ ቱቦ አወጣ።

«ይኼን ቀቢው። ይኼ ሙጫ ትዳር ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም።»

«ሁለቴ የተፋታኸው አንተ ስለ ትዳር ልትመክረኝ?»

«በዚህ ስላልተጣበቅን እኮ ነው» አላት ሳይስቅ።

ልትቀበለው ምንም አልቀራትም ነበር። ግን ማስገቢያው አንድ ቀን ቢሰበር ከነክዳኑ መቁረጥ ሊመጣ ነው። አመስግናው፣ ማስገቢያውን በፌስታል ይዛ ወደቡ ላይ ወዳለው የጀልባ ዕቃ መደብር ሄደች። ሻጯ ኢንገቢዮርግ ከምን እንደተሠራ ጠየቀቻት። ቱሪድ፣ ያበራል እኮ፣ ብረት ነው እንጂ አለች። በጥፍርዎ ይጫሩት ተባለችና ብትጭረው፣ ከብልጭልጩ ሥር ነጭ ፕላስቲክ ብቅ አለ። ክዳኑም ራሱ ፕላስቲክ ነበር።

ኢንገቢዮርግ አውጥታው የነበረውን፣ የቆዩ የእንጨት ጀልባ ሰዎች የሚምሉበትን ማሸጊያ ወደ መደርደሪያው መለሰችው፤ እንጨት ላይ ግሩም ነው፣ ፕላስቲክን ግን እያደር ይሰነጥቀዋል አለቻት። ከዚያ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ጥቁር ተለጣፊ ጥቅልል አቀረበችላት። ፈጽሞ አይደርቅም።

«ካልደረቀ ምኑን ያዘው?» አለች ቱሪድ።

«የሚይዘው ባለመድረቁ ነው። ክዳኑ በፀሐይ ሲለጠጥ አብሮት ይለጠጣል። ልንቀለው ያሉ ዕለትም ያለ ጣጣ ይነቀላል።»

ቱሪድ ጥቅልሉን በማስገቢያው ዙሪያ አጋድማ ብሎኖቹን በካቻቢቴ አጠበቀች። በአንድ ጊዜ እንዳታጠብቅ ተነግሯት ስለነበር ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አዞረቻቸው። በአራተኛው ቀን አርንፊን ከላይ በባልዲ ውሃ አፈሰሰ፤ እሷ አልጋው ላይ ተንጋላ ታያለች። አንዲት ጠብታ ወረደች። ልቧ ክፉኛ አዘነ። ደግማ ስታይ ግን የመጣችው በአንዱ ብሎን ቀዳዳ ነው። ያን ብሎን ፈትታ አንገቱን ከጥቅልሉ በቆረጠችው ቀጭን ቁራጭ ጠመጠመችው። ሁለተኛው ባልዲ ፈሰሰ፣ አልጋው ደረቅ፤ ሦስተኛውም ፈሰሰ፣ ደረቅ።

ያኔ ስልኩን አነሳች።

«ጉድሩን፣ ክዳኑን ደፍኜዋለሁ።»

መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ግን የደወልኩት ለሱ አይደለም። ያን ቀን ስትረጥቢ ሳቅሁብሽ። ይቅርታ።»

«ያናደደኝ ሳቅሽ ነው» አለች ጉድሩን። «ውሃውማ ውሃ ነው።»

በሰኔ እናታቸው ወደተወለደችበት ደሴት ሁለቱ ብቻቸውን ሄዱ። ሁለት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ጉድሩን ፊተኛው አልጋ ላይ እስከ ረፋድ ተኝታ፣ ፀጉሯ ተንጨባርሮ ወጣችና የት እንዳሉ ጠየቀች። ደሴቱ ዘንድ ደርሰን መልሕቅ ከጣልን ቆይተናል አለቻት ቱሪድ። የተቀቀለ ሽሪምፕ ከቅርፊቱ እየላጠች ነበር። ጉድሩን ዳቦውን ቆረሰች፣ ቅቤ ቀባች፣ ከሳህኑ የተላጠውን ብቻ እየመረጠች ትበላ ጀመር፤ ቱሪድም ትልጥላት ነበር።