ለፋሲካ ያቀናበርነው የእናቶች መዝሙር

ፀሐይ ያጋለው ፕላስቲክ ሲሸተኝ ወደ ቆቦ፣ ወደ ጸሎት ቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እመለሳለሁ። ዛሬ ጠዋት ሱቅ በር ላይ የተደረደሩ ጀሪካኖች ናቸው የወሰዱኝ።

ያኔ በጣሪያው ሙቀት ፕላስቲኩ የሚግለውን የመዘምራኑን ኪቦርድ የምጫወተው እኔ ነበርኩ። ከእኔ ሌላ ኪቦርድ የሚችለው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አንድ ነርስ ነበር። እናቶች ብቻ የሚዘምሩት፣ ወጣቱ የተወው አንድ የቆየ የባቲ ቅኝት መዝሙር ነበረን። «ለፋሲካ ለሁለት ሰው ኪቦርድና ለመዘምራን እናቀናብረው» አለኝ። ኪቦርዱ አንድ ስለሆነ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እኔ ዜማውን፣ እሱ ወፍራሙን ድምፅ። ከእጁ የሆስፒታል ሳሙና ይሸተኝ ነበር። ምን ልበልሽ፣ ልምምዱ እንዳያልቅ እያወቅኩ እሳሳት ጀመር።

አንድ ቀን የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ገብተው አዩን።

«ልጆቼ፣ ክፉ አላየሁባችሁም» አሉ። «ግን ጉባኤ ፊት ትከሻ ለትከሻ አይሆንም።»

እሱ ጎረቤት ከተማ ዋጃ ሄዶ ሌላ ኪቦርድ ተውሶ መጣ። አንዱን በመድረኩ ዳር፣ ሌላውን በወዲያኛው ዳር አደረግን፤ መዘምራኑ መሀል ቆሙ።

«ሳንተያይ እንዴት እንገጥማለን?» አልኩት።

«አንቺ ተጫወቺ። እኔ እከተልሻለሁ።»

የፋሲካ ዕለት እንዳለውም ተከተለኝ። መጨረሻው ላይ መዘምራኑ ዝም ብለው ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ እናቶች ማንም ሳያዛቸው ተነሥተው ዜማውን ተቀበሉን። ጭብጨባቸው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ቁልፎቹን በዳበሳ ነበር የምነካው።

ስንወጣ በሩ አጠገብ ጠበቀኝ።

«ዝውውሬ ተፈቅዷል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ቅር ካልሽኝ ግን እቀራለሁ።»

ሰዉ እየወጣ ነው፤ ሽማግሌው ከጀርባችን ቆመዋል። አፌ ላይ የመጣልኝ የለመድኩት ቃል ነበር።

«የጌታ ፈቃድ ይሁን» አልኩ።

«አሜን» አለ። ለእንዲህ ያለ ቃል ሌላ ምን መልስ አለው?

በሳምንቱ እሱ የተሳፈረበት መኪና በሮቢት በኩል ወደ ታች ሄደ። እኔ የተዋስነውን ኪቦርድ ጭኜ ወደ ዋጃ ወጣሁ። የተቀበሉኝ ሰውዬ፣ «ያ ነርስስ?» አሉኝ።

«ሄደ» አልኳቸው።

«ቅር» አላልኩትም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።