የአባባ ፍርፍር

እናቴ ማድቤት አታስገባኝም ነበር። "ጭሱ ዓይኗን ያጠፋዋል፤ እሷስ ትማርልኝ" እያለች ደብተሬን አሲዛ ታባርረኛለች። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጭቷን በእኔ ልትወጣው ነው። ስለዚህ በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ሽንኩርት መክተፍ የማትችል ሴት ልጅ በወልቂጤ ከተማ ከእኔ ሌላ የነበረች አይመስለኝም። በመስቀል ማግስት እናቴ ታመመችና ለሕክምና አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ሄደች። እኔና አባቴ ከቀዘቀዘ ምድጃ ጋር ተፋጠጥን።

አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ከመንዝ የመጡ፣ ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ከዘራ ይዘው የሚሄዱ፣ በመንገድ ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት ብድግ የሚልላቸው ሰው። በቤታችን አባት አንቱ ይባላል። አንቱ የሚባል ሰው ደግሞ ድስት አያማስልም።

እንጀራውን ከጎረቤታችን እንገዛ ነበር። ጎረቤታችን ጉራጌ ናት፤ እናቴ ከታመመች ጀምሮ ከቤቷ ቆጮ ሳትልክልን የሚያልፍ ሳምንት አልነበረም። ወጥ ግን ከየት ይምጣ? የመጀመሪያውን ሰሞን እንጀራ በበርበሬ፣ ቆጮ በበርበሬ እየበላን ሰነበትን። እንጀራው ይተርፋል፣ ይደርቃል። ቆጮውም ይተርፋል፣ እንደ ጫማ ሶል ይጠነክራል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከማድቤቱ ቆርቆሮ ሥር ጭስ ይወጣል። በሩን ብገፋው አልከፈት አለ።

"ማነው?" አሉ አባባ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ።"

"ቶሎ ግቢና ዝጊው!"

ኮታቸውን አውልቀው የእናቴን አሮጌ ነጠላ ወገባቸው ላይ አሸርጠዋል። ዓይናቸው በሽንኩርት ቀልቶ ድስቱ ላይ አጎንብሰው ያማስላሉ። አባቴን በውስጥ ሱሪ ያየኋቸው ይመስል ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እንዴት እንዳፈርኩ ዛሬም ይሰማኛል።

ለካ አባባ ልጅ ሳሉ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። "በእንተ ስማ ለማርያም" ብለው ከየደጁ የለመኑት ቁራሽ አኩፋዳቸው ውስጥ ይገባል፤ የጤፉ ከገብሱ፣ የትናንቱ ከዛሬው ይደባለቃል። ያንን ፀሐይ ላይ አስጥተው ድርቆሽ ያደርጉታል፤ ሲርባቸው በውሃና በበርበሬ ነፍስ ይዘሩበታል። ትራፊ የሚባል ነገር አይፈሩም። ያን ቀን የደረቀውን እንጀራ ሰባበሩት። ቆጮውን ምጣድ ላይ ጠበስ አድርገው በመዳፋቸው ፈረፈሩት፤ ሁለቱንም ቁሌቱ ውስጥ ነሰነሱና ከላይ ንጥር ቅቤ ጨመሩበት። መንዝና ጉራጌ አንድ ድስት ገቡ።

"እይና ተማሪ" ይሉኝ ነበር። "ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላ። ውሃውን አትቸኩይበት። ድርቆሽ ሲጠማው ይጠጣል፤ ሲጠግብ ይተዋል።"

እኔ ምን እማራለሁ! ጆሮዬ ውጭ ነው። የእኔ ሥራ በር መጠበቅ ነበር፤ የሰው ኮቴ ስሰማ እስላለሁ፣ አባባም ማማሰያውን ይጥላሉ። ፍርፍሩ ግን ይጣፍጥ ነበር። እያፈርኩ እበላለሁ፣ በልቼም ድስቱን እጠርጋለሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የአባባ አለቃ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ስለ እናቴ ጤና ሊጠይቅ መጣ። በዚያ ዘመን አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን ዕድሜዬም ስለደረሰ እሱ ብዬ ብጠራው አይከፋኝም። እኔ በር መጠበቄን ዘንግቼ ጓሮ ስጫወት ነው የደረሱት። አባባ በማድቤቱ የኋላ በር ወጥተው፣ ኮታቸውን ደርበው፣ ከመንገድ የመጡ መስለው ተቀበሏቸው። ሽታው ግን የት ይደበቃል?

"እማወራዋ ሳይኖሩ እንዲህ የሚሸት ወጥ ማን ሠራ?" አለ አለቃው እየሳቀ።

አባባ አፋቸውን ከፈቱ። ምን ሊሉ እንደነበር እንጃ፤ እኔ ቀደምኳቸው።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ቀረበላቸው። አለቃው ጣቱን እስኪልስ በላ። "ቆጮን እንዲህ አድርጎ! ይቺ ልጅ እኮ ባለሙያ ናት!" እያለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያልሠራሁበት ምስጋና ደስ አለኝ። አባባ ዓይናቸውን ገበታው ላይ ተክለው ቀሩ።

ብዙም ሳይቆይ አለቃው ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ተመለሰ። ደጃፉ ላይ ቆመው "ጥያቄያችን ካልተመለሰልን አንቀመጥም" አሉ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። ጉብሬ ከተማ ሱቅ ላለው ለአለቃው እህት ልጅ ሊጠይቁኝ ነው የመጡት።

"ልጅ ናት፤ ትማራለች" አሉ አባባ።

"ተምራ ምን ልትሆን?" አለ አለቃው። "ሴት የምትማረውን ተምራ ጨርሳለች።"

"ሙያ የላትም።"

ሳቁ። "ትሕትና ነው! በአፋችን የቀመስነውን?" አለ አንዱ ሽማግሌ። "ካልፈለጉን ደግሞ ነውራችንን ይንገሩን።"

አለቃን ያለ ምክንያት እምቢ ማለት እንጀራን መገፍተር ነው። አባባ ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በሽማግሌ ፊት ግን ዝምታ እሺ ማለት ነው። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው። የኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ይነካካሉ።

"ፍርፍሩን የሠራሁት እኔ ነኝ" አሉ።

"ምን አሉ?"

"ሽንኩርቱን የከተፍኩ፣ ቆጮውን የጠበስኩ፣ ድስቱን ያማሰልኩ እኔ ነኝ። በየቀኑም የምሠራው እኔ ነኝ። ልጄ እሳት ማንደድ አታውቅም። ያላትን ሙያ ከፈለጋችሁ ንባብና ሒሳብ ነው፤ እሱን ትጨርስ።"

አለቃው መጀመሪያ አሳለው፤ ቀጥሎ ሳቁ አመለጠው። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። በአባባ ፋንታ እነሱ ያፈሩ ይመስል፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ። የጋብቻው ነገር ዳግመኛ አልተነሣም፤ ባል ማጀት ከሚገባበት ቤት ማን ሚስት ያመጣል?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰኞ ዕለት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ "ዛሬ ምሳ ምን ሠሩልን?" ይላቸው ጀመር። ያ ሲያልፉ ብድግ የሚል ሰው አሁን ይጠቃቀሳል። ትምህርት ቤትም ደረሰ፤ ልጆቹ "የድስት አማሳዩ ልጅ" ብለው ጠሩኝ።

ጉልበታቸውን መሳም ነበረብኝ። ዛሬ ተምሬ፣ ወግ ደርሶኝ ይህን የምጽፈው በዚያች አንዲት ቃል ነው። እኔ ግን ያን ዕለት እያለቀስኩ ገባሁ። አባባ ነጠላዋን አሸርጠው እሳት ያያይዛሉ።

"አባባ፣ ከእንግዲህ ማድቤት አይግቡብኝ። ሰው ይስቅብኛል" አልኳቸው።

አልተቆጡም። "እሺ እናቴ" አሉና ነጠላዋን ፈተው፣ አጥፈው፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀሏት። ቃላቸው ቃል ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ የማድቤቱን ደፍ አልረገጡም። እንደገና እንጀራ በበርበሬ ሆነ።

ሲመረኝ ራሴ ገባሁ። የመጀመሪያው ሽንኩርቴ ከሰል ሆነ። ጭሱ ሲወጣ የአባባን ኮቴ ሰማሁ። ደጅ ካለው ጉቶ ላይ፣ ጀርባቸውን ለማድቤቱ፣ ፊታቸውን ለአጥሩ ሰጥተው ተቀመጡ። ዳዊታቸውን ገልጠዋል።

"አርሯል" አሉ ዞር ሳይሉ። "ጣዪውና እንደገና ጀምሪ። እሳቱን ቀንሺ።"

እንዲህ ነው ወጥ መሥራት የተማርኩት። እሳቸው ከውጭ በአፍንጫቸው ያያሉ፣ እኔ ከውስጥ እታዘዛለሁ። "አሁን በርበሬውን።" "ውሃ ጠብ አድርጊበት። ጠብ ነው ያልኩሽ፣ አፍስሺ አላልኩም!" ሲዘንብ ወደ ቆርቆሮው ጠርዝ ጠጋ ይላሉ፤ ጠብታው ትከሻቸው ላይ እየወረደ ካኪው ይጠቁራል። በሩ ክፍት ነበር። ግቡ አላልኳቸውም። ሰው ቢያይስ?

እናቴ ለገና ድና ተመለሰች። ከድርቆሹና ከተጠበሰው ቆጮ ፍርፍር ሠርቼ አቀረብኩላት። አንዴ ጎረሰች፣ ደገመች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ማድቤት አላስገባሽም ነበር! ይሄን ማን አስተማረሽ?"

አባባ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ፊቴ ጋለ።

"ራሴ" አልኩ።

እናቴ ወደ እሳቸው ዞረች። አባባ ከገበታው ቀና ሳይሉ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ።

"ራሷ ናት" አሉ።