ጥጃው ያልተነፈሰ ቀን

ትናንት ባዮሎጂ ሳስተምር ውዬ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ደባርቅ ውስጥ ከአንድ ግቢ አዲስ የተወለደ ጥጃ ጠረን መጣብኝ። የእንግዴ ልጅና የእርጥብ ጭድ ሽታ ነው። ደክሞኝ ስለነበር አጥሩ አጠገብ ቆምኩ።

ዳባት እያለን፣ እኔ ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጣ። አባታችን ቄስ ናቸው። ላማችን ስታምጥ ሦስታችንም በረት ውስጥ ነበርን፤ እነሱ ግን ከጠዋት የጀመሩትን ክርክር አልተዉም።

«ሕይወት ከውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ የመጣ ነው፣ አባባ። ማንም እፍ አላለበትም» አለ ወንድሜ።

«ውሃውንስ ማን አመጣው?»

«እግዜርንስ ማን አመጣው?»

አባቴ ፊታቸው ጠቆረ። ሊመልሱ ሲሉ ጥጃው ተወልዶ መሬት ወደቀ፤ አይተነፍስም። ወንድሜ ተንበርክኮ ደረቱን ያሸው ጀመር። አባቴ አፍንጫውን በጣታቸው ጠርገው እፍ አሉበት፣ ደጋግመው እፍ አሉበት። ላሚቱ ትልሰዋለች። ጥጃው አልተነሣም።

አባቴ አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «ከየት እንደመጣ ስንጨቃጨቅ ሄደ» አሉ። ወንድሜ ጉድጓድ ሊቆፍር ወጣ።

አሁን ወንድሜ ጎንደር ነው የሚኖረው። ለፋሲካ ሲመጣ ከአባቴ ጋር ስለ ዝናብና ስለ ገብስ ያወራሉ፤ ያን ነገር ግን አንዳቸውም ዳግም አላነሱትም።

ዛሬ ጠዋት ክፍል ውስጥ ስለ ሕይወት አመጣጥ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አንቺስ ከሳይንሱና ከሃይማኖቱ የትኛውን ታምኛለሽ?»

ክፍሉ ሁሉ አየኝ።

«ለፈተና የሚመጣውን አጥኑ» አልኳቸው።