ለአርባ ደቂቃ በረራ ስንቅ

አውሮፕላን አለኝ ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ሳቁን ሲጨርስ ደግሞ “ቤት ሳትገዢ?” ይለኛል። ሎስ አንጀለስ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ምሳ በበላሁ ቁጥር ይህን የማይጠይቀኝ ሰው ካለ፣ ወይ አገሩን አልለመደም ወይ አፉ ሙሉ ነው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ቤት አይበርም እላለሁ። ደግሞም አውሮፕላኑ የብቻዬ አይደለም። ለሦስት የያዝነው፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ አራት ሰው የሚይዝ፣ በሩ ጠበቅ ተደርጎ ካልተሳበ የማይዘጋ አሮጌ ነገር ነው። ግን ይበራል። የማበርረውም እኔ ነኝ።

እንጀራዬ ሌላ ነው። ፒኮ ሮበርትሰን በሚባል ሰፈር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሰው አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መዋጣቸውን አያለሁ። ዜግነት ያገኘሁ ጊዜ የሥራ ባልደረቦቼ አዋጥተው ከአስተማሪ ጋር የአንድ ሰዓት በረራ ስጦታ ሰጡኝ። ለጨዋታ ነበር ያደረጉት፤ እየጮህኩ የምወርድ መስሏቸዋል። አስተማሪው መሪውን ለአፍታ ሲለቅልኝ ግን የምጮህ ሳይሆን የምዘፍን ሆንኩ። ፈቃዱን ለማውጣት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። በስድስት ወር የሚጨርሱ አሉ፤ እነሱ ድርብ ሺፍት አይሠሩም። ስለዚህ በሦስቱ ዓመት አላፍርም፤ ደረቴን ነፍቼ ነው የማወራው።

አባቴ ሹፌር ነበር። ከደሴ አሰብ፣ በኋላም ጅቡቲ፣ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ከሠላሳ ዓመት በላይ ነድቷል። ሁለቱን ወንድሞቼን ገላጣ ሜዳ ላይ ወስዶ መንዳት ሲያስተምራቸው እኔ ከኋላ ቆሜ “ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!” እላለሁ። ድርሻዬ ይቺው ነበረች። አንድ ቀን “እኔስ?” ብዬ ስጠይቀው ከት ብሎ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ጥያቄው እውነትም አስቆት ነው። እኔ ግን ያን ሳቅ ይዤው አድጌያለሁ፤ አሜሪካ ድረስም ይዤው መጥቻለሁ።

ባለፈው የአሜሪካ ክረምት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ታዲያ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከጎኔ በቀኙ ወንበር አስቀምጬ፣ ተነስቼ፣ የማሊቡን ባሕር ዳርቻ ዞሬ፣ መልሼ ላሳርፈው። የእሱን ሙያ የምሠራ ሰው መሆኔን በዓይኑ እንዲያይ ፈለግኩ። በቃል ነግሬዋለሁ፤ ፎቶ አሳይቼዋለሁ፤ “ማሻአላህ፣ ጎበዝ” ብሎ ስልኩን መልሶልኛል። ጎረቤት ልጅ የሳለችውን ሥዕል አይቶ የሚለውም ያንኑ ነው።

ሦስት ሳምንት ነበር የሚቆየው። ሎስ አንጀለስ የዓመት ዝናቧን ለእሱ አስቀምጣ የጠበቀችው ይመስል ሳታባራ ዘነበች። ሰማዩ ሲገለጥ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ እኔ እረፍት ስሆን ደመናው ካልቨር ሲቲ ያለው አፓርታማዬ ጣሪያ ላይ ተኝቷል። በመጨረሻ፣ እሁድ ወደ አገሩ ሊመለስ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጥርት ብሎ ነጋ። መጋረጃውን ገልጬ ሳየው በደስታ አጨበጨብኩ። አባቴ ሶላቱን ጨርሶ ነበር፤ ኮቱን አስለበስኩትና ወጣን።

ሦስተኛ ሰው ነበረን። አባቴ ከልጅነቱ የሚያውቃቸው የደሴ ሰው፣ ፌርፋክስ ላይ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ የነበራቸው፣ አሁን ሱቁን ለልጆቻቸው ለቅቀው በየካፌው የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራ በዋልኩባቸው ቀናት ሁሉ አባቴን እየወሰዱ ያጫወቱት እሳቸው ነበሩ። በመኪናቸው ተከትለውን ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሜዳ ድረስ መጡ።

“ጋሼ፣ ወንበር አለ እኮ፤ ለምን አብረውን አይበሩም?” አልኳቸው።

አውሮፕላኗን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አዩዋት። “ኖ፣ ኖ፣ ይቺን ባጃጅማ አልሳፈርም። እኔ ልሸኝ ነው የመጣሁት። ሰው አውሮፕላን ሲሳፈር ሳይሸኝ ይቀራል እንዴ?”

“አርባ ደቂቃ ነው ጋሼ፤ እንመለሳለን።”

“ኦኬ፣ ለአርባ ደቂቃም ቢሆን ይሸኛል።”

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። የማይሳፈር ሰው ከሜዳው አጥር ውጪ መቆየት አለበት፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው፣ አባቴን ሦስት ሳምንት ሙሉ የተንከባከቡትን ሰው፣ አጥር ላይ ዘግቼባቸው ልሂድ? ይሉኝታ ያዘኝ። በሩን ከፍቼ አስገባኋቸውና አንድ ጥግ ላይ አቆምኳቸው። “እዚህ ጋ ይሁኑልኝ እሺ፣ ከዚህ እንዳያልፉ” አልኩ፤ ያውም ፈገግ ብዬ፣ እንግዳን “ትንሽ ይጨመርልዎ” በሚሉበት ድምፅ። ሕግ የሚነገርበት ድምፅ አልነበረም።

ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። አባቴ እጁን ወደኋላ አጣምሮ እግር በእግር ተከተለኝ። ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። ከክንፉ ሥር ትንሽ ነዳጅ በብርጭቆ ቀድቼ ወደ ፀሐይ ሳነሳው ቆም አለ።

“ውሃ ነው የምታዪው?”

“አዎ፣ ውሃ ገብቶ እንደሆነ።”

“እኛም እናይ ነበር” አለ። ብርጭቆውን ተቀብሎ አሸተተና መለሰልኝ። ከመጣ ጀምሮ ስለ አውሮፕላን የተናገረው የመጀመሪያው ቁም ነገር ይሄ ነበር፤ እኔም ልቤ ሞቅ አለ።

ገብተን ቀበቶውን አሰርኩለት፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። የማረጋገጫውን ዝርዝር አውጥቼ ጮክ ብዬ አንድ በአንድ ማንበብ ስጀምር ታዘበኝ።

“እስካሁን በቃልሽ አልያዝሽውም?”

“ይዤዋለሁ።”

“ታዲያ ምን ታነቢያለሽ?”

“በቃሌ ስለያዝኩት ነዋ። በቃሉ የያዘ ሰው ነው የሚዘለው።”

አንብቤ ጨረስኩ። በመስኮቱ ግራ ቀኙን አየሁ። ጋሼ ጥጋቸው ላይ አልነበሩም፤ ከአጥሩ ወጥተው መኪናቸው ጋ ሆነው የኋላውን በር ከፍተዋል። እንኳን ወጡልኝ ብዬ ደስ አለኝ። የአጥሩን በር እንዳይዘጋ በድንጋይ ደግፈውት እንደወጡ አላየሁም። እንደ ደንቡ “ክሊር!” ብዬ ጮህኩ፤ አፍንጫዋ ላይ ያለው ፕሮፔለር ሊዞር ነውና ማንም እንዳይጠጋ ማለት ነው። ጋሼ ከሩቅ ዞረው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ሞተሩን አስነሳሁ።

ፕሮፔለር ሲዞር አይታይም። ይህን ስንት ጊዜ ለስንት ሰው ተናግሬያለሁ። ሲቆም ሰፊ ብረት ነው፤ ሲዞር ግን አየር ይመስላል፤ ከባዶው አየር ማዶ አስፋልቱ፣ ሣሩ፣ ሰማዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዓይኔን የዘይቱን ግፊት ወደሚያሳየው መለኪያ ዝቅ አድርጌ መልሼ ቀና ስል በዚያ ባዶ አየር ማዶ ጋሼን አየኋቸው። በቀኝ እጃቸው ጥቁር ፌስታል ከፍ አድርገው፣ በግራ እጃቸው ባርኔጣቸውን ይዘው፣ ቀጥ ብለው ከፊት ለፊት ወደ አባቴ መስኮት እየሮጡ ይመጣሉ። መናኸሪያ ውስጥ አውቶብስ ሞተሩን አስነስቶ ሲንቀሳቀስ፣ የተረሳ ስንቅ በመስኮት ለማቀበል የሚሮጥ ሰው ታውቃላችሁ። ልክ እንደዚያ።

ጮህኩ፤ ማንም አይሰማም። እጄ ግን ከአፌ ቀድሞ ነበር። ነዳጁን የሚዘጋውን ቀይ እጀታ እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ሞተሩ ወዲያው አይሞትም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስላል፣ ይጎተታል። በዚያች ቅጽበት ፌስታሉ ሲቀርብ፣ ሲቀርብ፣ ሲቀርብ አየሁ። ከዚያ አየሩ ወደ ብረትነቱ ተመልሶ ገጭ አለና ቆመ። ጋሼም ቆሙ። በእሳቸውና በብረቱ መካከል አንድ ክንድ ቢኖር ነው።

ከአውሮፕላኗ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ሥራዬ ሽማግሌ መንከባከብ ነው፤ በሽማግሌ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ሜዳው እስኪያስተጋባ ጮህኩባቸው። “እዚህ ይሁኑ አላልኩም? አላልኩም ወይ ጋሼ? ሊሞቱ ነበር እኮ! እጄ ላይ ሊሞቱብኝ ነበር!”

እሳቸው ፌስታሉን እንደያዙ ነበር። ድምፃቸው ጠፍቶ “ስንቁን መኪና ውስጥ ረስቼው... ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ ብዬ እኮ ነው” አሉኝ። ፌስታሉ ውስጥ አምባሻ፣ ቴምርና ሁለት የታሸገ ውሃ ነበር። ለአርባ ደቂቃ።

አባቴ ወርዶ መጣ። የወዳጁን ትከሻ ዳበስ ዳበስ አደረገና ወደ እኔ ዞረ።

“አልሐምዱሊላህ፣ አላህ አትርፎናል። አብሽሪ። በይ ግቢና እንሂድ።”

እጄን አየሁት። ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። ወደ እሱ ዘረጋሁለት።

“አልሄድም አባ።”

“እሱ አሁን ይተውሻል። መሪ ሲይዝ ይተዋል። እኔ አላውቀውም?”

“ሊተወኝ ይችላል። ዛሬ ግን አልበርም።”

“ነገ ሄጃለሁ እኮ ልጄ።”

“አውቃለሁ።”

ጋሼ እንባ ባቀረረ ዓይን ለመኑኝ። “ሶሪ ልጄ፣ በእኔ ምክንያት አባትሽ ሳያይ እንዳይሄድ። እኔ ሄጄ መኪናዬ ውስጥ እቀመጣለሁ። በሞቴ!”

ሁለት ሽማግሌ ቆሞ ሲለምነኝ እምቢ ብዬ አላውቅም። ሰርግ ቤት እንኳ ደክሞኝ ሳለ ሽማግሌ ተነሺ ካለኝ ተነስቼ እጨፍራለሁ። አሁን ግን ከጥቂት ደቂቃ በፊት ይሉኝታ ምን ሊያደርገኝ እንደነበር አይቻለሁ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ላዳምጠው አልፈለግኩም። “አይሆንም” አልኩ። ድምፄ አልጮኸም፤ ግን የዚህኛው ድምፅ ትርጉም ለሁለቱም ገብቷቸዋል። ገመዱን አምጥቼ ክንፎቿን አሰርኩ፤ ሽፋኗን አለበስኳት።

ከዚያ ጋሼ ፊት ቆምኩ። “ስለጮህኩብዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከአጥሩ ማስገባት አልነበረብኝም። ሌላ ቀን ቢመጡ ግን ውጪ ነው የማቆምዎት፤ ቅር እንዳይልዎት።” ግንባሬን ሳሙኝ። አምባሻውን መኪናው ጋ ቆመን ቆርሰን በላነው፤ ሦስታችንም ርቦን ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ የተረፈውን ቴምር ጭኑ ላይ ይዞ ተቀመጠ። እኔም መንገዱን ብቻ እያየሁ ነዳሁ። ቆጨኝ፣ አንጀቴን ነው የቆጨኝ። ከደሴ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ ቀበቶ ታስሮ፣ ሞተር ተነስቶ፣ አንድ ሜትር እንኳ ሳላንቀሳቅሰው ሊሄድ ነው። ዳግመኛ ለመምጣት ዕድሜውም ጤናውም አይፈቅድለት ይሆናል። ያም ሆኖ ያደረግኩትን ብመልሰው ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልተመኘሁም። ጠዋቱ ቢደገም ያንኑ ነው የማደርገው፤ ከመጀመሪያው ስህተቴ በስተቀር።

ቤት ገብተን ምሳ ማቅረብ ስጀምር የአባቴ ስልክ ጮኸ። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ከደሴ። አባቴ በስልክ የሚያወራው አፉ ፊት ይዞ፣ ድምፁን ለጎረቤት ሁሉ ከፍቶ ስለሆነ ከማእድ ቤት ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ።

“እሺ አባ፣ እንዴት ነበር በረራው? ፈራህ አይደል?” አለ ወንድሜ።

“አልበረርንም።”

“ምነው፣ ዛሬም ዘነበ?”

“ኧረ ሰማዩስ ጥርት ብሏል።”

“ተበላሸች በለኛ!”

“ምንም አልሆነችም። አንድ አደጋ ለጥቂት ስቶን እሷ ደነገጠች። እኔ እንሂድ አልኩ፣ ወዳጄም ለመናት፤ እምቢ አለች።”

ወንድሜ ሳቀ። “አንተን? ዝም አልካት ታዲያ?”

ቢላውን አስቀመጥኩ። አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ።

“ምን ልላት ነው? ሹፌሯ እሷ ናት።”