የማናውቀው ሰው አንጎል

ባለፈው ሳምንት ጨንቻ ወጥቼ ነበር። አባቴ እንደ ወትሮው የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ተቀምጧል። ከጎኑ ባለው የቀርከሃ ግድግዳ ላይ ያቺ የአንጎል ሥዕል አሁንም ተሰክታለች፤ ዳሯ በጭስ ጠቁሯል፣ ቀይና ቢጫዋ ግን እንዳለ ነው።

ሥዕሏ ቤታችን ስትገባ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከፈረስ ወድቆ ወገቡን ከተመታ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያው ዓመት በበጋ አርባ ምንጭ ወስጄ ራጅ አስነሥቼው ነበር። «አጥንቱ ደህና ነው» አሉን ሐኪሞቹ። እኔ ደግሞ ለአጎቶቼ «ምንም የለበትም» ብዬ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ «የሱ ወገብ ሥራ ሲያይ ነው የሚያመው» ይሉ ጀመር። ግጥም የጀመርኩበት ሰሞን ነበርና ስለ ሰነፍ ወገብ ቤት የሚመታ ሁለት መስመር ገጠምኩላቸው። ሳቁልኝ። አባቴ ከግድግዳው ማዶ ሰምቶ ኖሯል። አልተቆጣኝም፤ ሕመሙን ለእኔ መናገር ብቻ ተወ።

በክረምት እንደገና ወረድን። ከጭጋጉ ወጥተን ማንጎ ወደሚሸተው ሙቀት ስንገባ፣ ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞርብኛል። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ያገኘናት ወጣት ሐኪም በትዕግሥት አዳመጠችው። እኔ በጋሞኛ አስተረጉማለሁ። ከዚያ ኮምፒውተሯን አዞረችልን።

«ይሄ እንደ እርስዎ ለዓመታት ወገቡን የታመመ ሰው አንጎል ነው» አለች። «ሕመም ሲቆይ የአንጎል ጠባቂ ሴሎች ጉዳቱ ከዳነም በኋላ ላይረጋጉ ይችላሉ፤ እንደ መቆጣት ያለ ነገር ነው። ተመራማሪዎች በደም ሥር ምልክት የሚሰጥ ነገር ይወጉና በልዩ መሣሪያ ያነሷቸዋል። የቀላው እነሱ በብዛት ያሉበት ነው። ገና እየተጠና ነው፤ የእርስዎንም በዚህ ማየት አንችልም። ግን አባባ፣ ራጅ ላይ አልታየም ማለት ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም።»

የመጨረሻውን ቃል በቃል ተረጎምኩለት። አባቴ ሥዕሉን ትኩር ብሎ አየ።

«ይሄ ሰውዬ ልጅ አለው?»

«ምን አሉ?» አለችኝ ሐኪሟ። ነገርኳት። «አላውቅም» ብላ ፈገግ አለች።

«ካለው፣ ልጁ ያምነዋል?»

ይህቺን አልተረጎምኩላትም።

«ያምነዋል፣ አባዬ» አልኩት በጋሞኛ።

ሥዕሉን በወረቀት አትማ ሰጠችው። ቤት ስንመለስ አንዱ አጎቴ «ያንተ አንጎል ነው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «የእኔ አይደለም፤ የባልንጀራዬ ነው» አለው።

ሕመሙ ጨርሶ አልሄደም። ሐኪሟ ያሳየችውን እንቅስቃሴ እየሠራ እስከ ቀትር ይሸምናል። ባለፈው ሳምንት ገና ሳልቀመጥ፣ «በብርዱ ክፉኛ አሞኛል፣ ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት፣ ይሄ የግራው ጎን ደግሞ...» ብሎ ጀመረ። አላቋረጥኩትም። ስንት ወር ዝም ብሎኝ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ስሞታውን ሲጨርስ በአገጩ ወደ ሥዕሏ ጠቆመ።

«እሱንም ዛሬ ሳያመው አይቀርም» አለኝ።